የድንኳን ቃል

«የሟቹን የኢያሱን ልጅ ማን እያስተማራት መሰለሽ? አጎቷ ጋሽ ወርቅአፈራሁ! ከጫማዋ እስከ ደብተሯ በሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፈጣሪ አያሳጣን እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አለች ወፍራሟ ሴትዮ፣ ባጃጇ ከቦንጋ መናኸሪያ በታች ያለውን ጭቃ እየዛቀች ስትወርድ። ጎኗ ያለችው ጓደኛዋ ሁለት ጊዜ ከንፈሯን መጠጠች፤ አንዴ ለሟቹ፣ አንዴ ለአጎትየው ደግነት።

የኢያሱ ልጅ ዮሀና እዚያው ባጃጅ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ጎን ተጣብቃ ተቀምጣለች። ጫማዋን አየችው። የግራው ሶል በዚህ ሳምንት ተገንጥሎ በማስቲሽ ተለጥፏል፤ ማስቲሹንም የገዛችው ራሷ ናት። «ልጅቷ እኔ ነኝ» ብትል የሚከተለውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሴትዮዋ አገላብጣ ትስማታለች፣ ከዚያ ጣቷን ቀስራ «በርቺ፣ ውለታውን እንዳትረሺ» ትላታለች። ይህን ምክር ያልመከራት የቦንጋ ሰው የለም፤ ጎረቤት፣ የድሮ አስተማሪ፣ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ሁሉ መክሯታል። ስለዚህ ፊቷን ወደ ላስቲኩ መጋረጃ አዞረች፤ ኮሌጁ በር ላይ ስትደርስ ሃያ ብሯን ከፍላ ወረደች።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ዓመት ተኩል፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ባጃጅ ጠጋኙ ኢያሱ ጉበቱን ታሞ ሞተ። በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ታላቅ ወንድሙ ወርቅአፈራሁ ከአግዳሚው ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀና ደረቱ ላይ አደረገው። የቡናና የማር ነጋዴ ነው፤ ቦንጋ ላይ መጋዘን፣ ደካና ቢታ ገነት ላይ ሰብሳቢዎች አሉት፤ አፉን ሲከፍት ሰው ጆሮውን ይሰጠዋል። «የወንድሜ ልጅ ዮሀና ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ናት! ኮሌጇን እስክትጨርስ አንድ ሳንቲም ከማንም እንዳትጠይቅ! ይሄን የምለው ገና ባልደረቀው አፈሩ ፊት ነው!» አለ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። አሮጊቶቹ በካፊኖኖ ቋንቋ መረቁት፤ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እጁን ጨበጡት። ዮሀናም እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ዛሬ ትዝ ሲላት ከሁሉ በላይ የምታፍረው በዚያ ነው። ቃል መግባት ሰውን ምንም አያስወጣውም፤ ሐዘን ቤት ውስጥ ደግሞ የሁሉም ልብ ስለሚራራ የሚጠራጠር አይገኝም። ከወር በኋላ የእድሩ ምርጫ ደረሰና ወርቅአፈራሁ ያለ ተፎካካሪ የእድሩ ዳኛ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ከፍሏል። ሁለት ሽማግሌዎችንና ስልክ የያዘ ሾፌሩን አስከትሎ ኮሌጁ ድረስ መጣ፤ የአንድ ወር ክፍያ ከፈለ፤ በአንድ እጁ ደረሰኙን ይዞ፣ በሌላው ዮሀናን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው «የወንድሜን አደራ ተረክቤያለሁ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣና ቦንጋ በሙሉ ወደደው። ከዚያ ወዲህ የሚከፍለው ሟቹ ራሱ ነው። የጋራዡ ክሪክ ተሸጠ፣ ኮምፕሬሰሩ ተሸጠ፣ የብየዳ ማሽኑ ተሸጠ፤ በመጨረሻ መፍቻዎቹ ተሰብስበው ለቁራሌው በኪሎ ተመዘኑ። ኢያሱ ሞቶም ልጁን ማስተማሩን አላቋረጠም ነበር፤ ምስጋናው ግን ለወንድሙ ይሄድ ነበር። ይባስ ብሎ ያ ቃል ሌላውን በር ሁሉ ዘጋው። ኮሌጁ ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች የነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ቀበሌው ድሃ መሆኗን እንዲጽፍላት ስትሄድ የቀበሌው ሰው ተቆጣት። «ረዳት የሌላቸው ስንት ልጆች እያሉ? እኔ ራሴ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት!» አላት። በጆሮው የሰማውን በዓይኑም ማየት እንደሚያስፈልገው አላሰበም።

አሁን የሚሸጥ አልቀረም። ዮሀና ፋርማሲ ነው የምትማረው፤ የቀራት አንድ ሴሚስተር ነው፤ የሱም ክፍያ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው። ዛሬ ካልተከፈለ ስሟ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ፈተናው፣ አይላክም፤ ስሟ ካልተላከ ያለፈው ልፋት ሁሉ፣ ክሪኩም ኮምፕሬሰሩም፣ ውሃ በላው ማለት ነው። ገንዘብ ያዧ በመስኮቱ ቀዳዳ አየቻትና ጥፍሯን መሞረዷን ሳታቆም፣ «አስራ አንድ ሰዓት እዘጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዲኑም ቢመጣ አልከፍትም» አለች። ቀጥላ ፈገግ አለች። «አንቺ ምን አስጨነቀሽ? አጎትሽ ጋ አትደውይም? የሌላው ልጅ ቢሆን ይገባኛል።»

ዮሀና አልደወለችም፤ ወርቅአፈራሁ የሷን ጥሪ ሲያይ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጠው ታውቃለች። በእግሯ ወደ መጋዘኑ ሄደች። መጋዘኑ ቡና በተሞሉ ጆንያዎችና በማር ጀሪካኖች ታጭቋል፤ ኮረሪማው ከሩቅ ይሸታል፤ መሐል ላይ ወርቅአፈራሁ በሚዛኑ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ከጅማ ከመጣ ነጋዴ ጋር ሻይ ይጠጣል። አላስቀመጣትም። የሚያወራውን ወሬ እስኪጨርስ አቆማት፤ ያውም የቡና ዋጋ መውረዱን፣ የሾፌሮችን ሌብነት፣ የዘመኑን ልጆች ምስጋና ቢስነት የሚያካትት ረጅም ወሬ ነው። ሲጨርስ እንግዳውን በአገጩ ወደ እሷ አመለከተውና፣ «ይቺ ናት የማስተምራት» አለ፤ «የወንድሜ ልጅ። ዘንድሮ ትጨርስልኛለች።»

እንግዳው የዋህ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ልቡ ተነክቶ ተነሣና ከኪሱ ብዙ ባለ ሁለት መቶ ኖቶች አወጣ። «እንግዲህ እኔም ከበረከቱ ልካፈል፤ ለመጽሐፍ ትሁንሽ» ብሎ ዘረጋላት። የዮሀና እጅ ገና ከነጠላዋ ሳይወጣ ወርቅአፈራሁ ተስፈንጥሮ የእንግዳውን እጅ ያዘው። «በፍጹም! እኔ እያለሁ? ይቺ ልጅ እኔ እያለሁ የሰው እጅ አታይም! አታዋርደኝ ወንድሜ!» አለና ብሩን አጣጥፎ የሰውየው ኪስ ውስጥ ከቶ መታ መታ አደረገው። እንግዳው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ዮሀና ብሩ ወደ ኪሱ ሲመለስ እያየች ቆማ ነበር፤ በዚያች ሰዓት አጎቷን የጠላችውን ያህል በሕይወቷ ማንንም ጠልታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ብሩ መቼ ጠፋ? መኪናዬን ደካ ላይ ጭቃ ውጧት ነው እንጂ።» ጢሙን ዳበሰ፤ እንግዳው እየሰማ መሆኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ይልቅ ዘጠኝ ሰዓት የመምህር ጣሰው ሠልስት ላይ ነይ። እዚያ እሰጥሻለሁ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ። ነጠላሽንም ቀየር አድርጊ እንጂ፣ እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት እንዳትቆሚ።»

ገንዘብ ለመስጠት ለቅሶ ቤት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቀችውም። መጋዘኑን ለቅቃ ስትወጣ እግሯ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ የአብዱልቃድር ሱቅ አደረሳት። አብዱልቃድር የወልቂጤ ሰው ነው፤ ከኢያሱ ጋራዥ ፊት ለፊት መለዋወጫ እየሸጠ አርጅቷል፤ ሁለቱ ከአንድ ሳህን በልተው ኖረዋል። ዮሀና እሱ ዘንድ የምትሄደው ሁሉ ሲያልቅባት ነው፤ ሳትነግረውም ያውቃል። የቤንዚን ቱቦ እየጠቀለለ ሰማት። እውነቱን ያውቃል፤ ክሪኩ ሲሸጥ መኪና ላይ የጫነው እሱ ነበር።

«ብሩ አለኝ» አላት። «ወላሂ አለኝ። ግን አጎትሽ በሰው ፊት የኔ ናት ብሎ እኔ ባዕዱ ብከፍል ምን ይባላል? ሰውየውን ገበያ መሐል ሱሪውን እንደ ማስፈታት ነው። አንቺንም ያነውርሻል፤ ዘመዷን ትታ ነጋዴ ጋ ሄደች ይሉሻል። እሱ ራሱ በአፉ አልችልም ይበል። አንዲት ቃል። ያኔ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እኔ ኮሌጁ በር ላይ ነኝ።»

«እንደማይል ያውቃሉ እኮ፣ ጋሽ አብዱልቃድር።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ቱቦውንም መጠቅለሉን ቀጠለ። ደግ ሰው ነው፤ ማንም የሚመሰክርለት። ዮሀና ግን ከሱቁ ስትወጣ ደግነቱ ከአጎቷ ክፋት ባላነሰ ጎዳት። ክፉው ሰው ሊከፍል የማይፈልግ ነው፤ ደጉ ሰው መክፈል የሚያሳፍረው ነው፤ ለገንዘብ ያዧ መስኮት ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቤት ስትደርስ እናቷ አብርሆት ነጠላ ትተኩሳለች። ቤታቸው የጋራዡ ጓሮ ነው። የፊተኛው ክፍል ለእንቁላል አከፋፋይ ተከራይቷል፤ የኋለኛው ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሁለት ወንበርና የማይለቅ የሞተር ዘይት ያጠቆረው ሲሚንቶ አለ። አብርሆት ሲሚንቶውን በላርጎ ማጠብ ከተወች ቆይታለች። ከባሏ ሞት ወዲህ ብዙ አትናገርም፤ ከልጇ ጋር ደግሞ ስለ ክፍያ ፈጽሞ አታወራም፤ ዕቃ ስትሸጥም ዮሀና በሌለችበት ነው የምትሸጠው፤ ማታ ብሩን በዮሀና ትራስ ሥር አድርጋላት ትተኛለች። ጠዋት አንዳቸውም አያነሱትም።

«ድንኳኑ ውስጥ እሰጥሻለሁ አለ» አለች ዮሀና።

«አየሽ?» አለች አብርሆት። የብረቱን ካውያ አቆመችና ነጠላውን ዘረጋጋችው። «አየሽ አይደል?»

«እማ፣ እስከ ዛሬ የከፈልሽው አንቺ ነሽ።»

አብርሆት ካውያውን መልሳ አነሣች። እንቁላል አከፋፋዩ ከግድግዳው ማዶ ከሰው ጋር ስለ ካርቶን ሲከራከር ይሰማል። «ብሆንስ?» አለች ዓይኗን ከነጠላው ሳታነሳ። «ስሙ አለ። ሰው ሲያልፍ እትዬ ይለኛል። አባትሽ የሞተ ሰሞን ይሄን ቦታ ሊነጥቁን የመጡት ሰዎች ለምን የተመለሱ ይመስልሻል? ወርቅአፈራሁ ከኋላቸው አለ ብለው ነው። ብር ባይሰጥም ስሙን ሰጥቶናል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ሴት ብቻዋን ስትቀር እንዴት እንደምትታይ አታውቂም።» ይህን ያህል ስትናገር ዮሀና ከአባቷ ሠልስት ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ልታቅፋት ፈለገች፤ ተናደደችም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት ነጠላውን ተቀብላ ለበሰችና ወጡ።

የመምህር ጣሰው ድንኳን ከዘነበው የተነሣ ወደ መሐል ሰርጉዶ ውሃ ያንጠባጥባል። የእድሩ አግዳሚዎች በወንድ ተሞልተዋል፤ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ናቸው፤ ንፍሮ በትሪ ይዞራል። የሟቹ ሚስት እትዬ ወለተሥላሴ ጥግ ላይ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልጇ ሔርሜላ ከጎኗ ጉልበቷን ታቅፋለች። ሔርሜላ አስራ ሁለተኛን ዘንድሮ የጨረሰች ናት፤ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት እንዳላመጣችና አባቷ በግል ኮሌጅ ሊያስገባት ሲዘጋጅ እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዮሀና ያቺን ልጅ ስታይ ራሷን አየች፤ ያው ያበጠ ዓይን፣ ያው ሰውን ሁሉ ማመን። አብርሆት ከሴቶቹ መሐል ገባች። አብዱልቃድር ከወንዶቹ ጫፍ ተቀምጧል። ወርቅአፈራሁ ደግሞ መሐል ላይ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ ዮሴፍ ከጎኑ አለ። ዮሀና አጎቷ እንዲያያት በሚመች ቦታ፣ ከፊቱ ትንሽ ወረድ ብላ ተቀመጠች። አያት፤ ግን ወደ እሷ አልመጣም። ሰዓቱ ይሄዳል።

አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሽማግሌው ሊጸልዩና ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ወርቅአፈራሁ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀና ደረቱ ላይ አደረገው። ዮሀና የሚቀጥለውን ከመስማቷ በፊት አወቀችው።

«መምህር ጣሰው የሁላችንንም ልጆች አስተምሮ ነው የሞተው» አለ። «ታዲያ የሱ ልጅ ሜዳ ላይ ትቅር? አትቀርም! ሔርሜላ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ናት! ኮሌጇን እስክትጨርስ አንድ ሳንቲም ከማንም እንዳትጠይቅ!» ድንኳኑ ተነቃነቀ። እትዬ ወለተሥላሴ ከደገፏት ሴቶች እጅ አምልጣ ወደ መሬት ተደፋች፤ ወንዶቹ መሐረብ አወጡ። ወርቅአፈራሁ እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው። «ወርቅአፈራሁ አፉ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ይቺ ትመስክር! ዮሀና፣ ተነሺ እስቲ ልጄ!»

ለዚህ ነበር የተጠራችው። ነጠላ ቀይሪ የተባለችውም ለዚህ ነው። ዮሀና ተነሣች፤ ድንኳኑ በሙሉ ቀና ብሎ በእርጥብ ዓይን ያያታል። አዎ ብትል ከፊቷ ያለችውን ልጅ እሷ ራሷ ወደ ገባችበት ጉድጓድ ገፍታ መክተቷ ነው። አይደለም ብትል ነገ ቤታቸው በር ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው እናቷ ነግራታለች። የተናገረችው ያላሰበችውን ነው።

«ጋሼ፣ ክፍያው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ነው። እዚህ እሰጥሻለሁ ስላሉኝ መጥቻለሁ።»

በድንኳኑ ውስጥ የአድናቆት ማጉረምረም ተሰማ። ወርቅአፈራሁ ዓይኑን አንዴ አርገበገበ፤ ከዚያ ፊቱ በራ፤ እንዲህ ያለ መድረክ በገንዘብም አይገኝ። ኮቱን ገልጦ ከውስጥ ኪሱ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ብር አወጣ። ዮሴፍ ከተቀመጠበት በድንጋጤ ክንዱን ያዘው። «ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ እሱ እኮ የእድሩ ነው… ለእትዬ ወለተሥላሴ አሁን የምናስረክበው…» ሲል ዮሀና በቅርብ ስለነበረች ሰማች። «ዝም በል! ነገ እተካዋለሁ» አለው አጎቷ በጥርሱ መሐል፤ ላስቲኩን ፈትቶ፣ ድንኳኑ ሁሉ እያየ፣ ብሩን ቆጥሮ በሁለት እጇ ላይ ጣለላት። «ሂጂ! ክፈዪ! በርቺልኝ!» የተረፈውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ብሩ እጇ ላይ ነው። ባጃጅ ብትይዝ ሰዓቱ ሳያልቅ ትደርሳለች። ሴቶቹ ይመርቋታል፤ እናቷ ከመሐላቸው በዓይኗ ሂጂ ትላታለች። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ተራመደች። ነገር ግን የሟች ሚስት መንገዷ ላይ ነበረች፤ መሬት ላይ እንደተደፋች ጫማዋን ይዛ፣ «የኔም ልጅ እንዳንቺ ይሁንልኝ፣ አሜን በይኝ» አለቻት። ዮሀና አሜን ማለት አቃታት። ተንበርክካ ብሩን በሴትየዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አለች። ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እድሩ ለእርስዎ የሰጠው ነው። ጋሽ ዮሴፍን ይጠይቁ። ለኔ አንድ ወር ብቻ ነው የከፈሉልኝ፤ የቀረውን እናቴ የአባቴን ዕቃ ሸጣ ነው። ለሔርሜላም አይከፍሉላትም።»

ንፍሮው የሚዞርበት ትሪ እንኳ ቆመ። ሁሉም ወደ ዮሴፍ ዞረ። ዮሴፍ የእድሩን ሒሳብ ለብዙ ዓመት ሳያዛንፍ የያዘ፣ በታማኝነቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ጫማውን ተመለከተ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ያው… ነገሩን በኮሚቴ እናጣራዋለን» አለ። አብዱልቃድር አንገቱን ደፍቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በሱ ደንብ አጎትየው በሰው ፊት ሰጥቷል፣ ያልተቀበለችው ልጅቷ ናት። አብርሆት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ወርቅአፈራሁ ግን አልተቆጣም። በሐዘን ፈገግ አለና ለሕዝቡ፣ «አባቷን ካጣች ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም፤ እኔ ችያት ነው የኖርኩት» አለ። ድንኳኑ ከንፈሩን መጠጠ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሰው ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

የመጨረሻውን ያደረገችው እትዬ ወለተሥላሴ ናት። ብሩን ከጭኗ ላይ በሁለት እጇ ሰበሰበች፤ አንዲት ኖት ሰሌኑ ላይ ወድቃ ነበርና እሷንም አነሣች። ዮሀናን ስታያት ዓይኗ ውስጥ የነበረው ምስጋና ሳይሆን ፍርሃት ነበር። «ምን አደረግሁሽ አንቺ ልጅ? አንቺ ተምረሽ ጨረስሽ፣ የልጄን በር ልትዘጊባት ነው?» አለቻት። ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ወርቅአፈራሁ ሄደችና የራሷን ብር መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት ጋሼ። በሷ ተቀይመው በኔ ልጅ አይጨክኑ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ እርስዎ ያውቁበታል።» ወርቅአፈራሁ እምቢ አላለም። ብሩን በላስቲክ አሰረውና ኪሱ ከተተው።

ዮሀና ወጣች። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ በጭቃ ተለቅልቋል፤ ባጃጅ የለም፤ ቢኖርም የምትከፍለው የለም። ከድንኳኑ ገመድ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ሳለ ሔርሜላ ከኋላዋ ወጣች። ለቅሶ የዘጋው ድምፅ ነበራት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሔርሜላ ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች፣ ከዚያ ወደ ዮሀና። «እናቴን አሳምኚልኝ። አንቺ ብትነግሪያት…»

«የራሴን እናት ማሳመን አልቻልኩም» አለች ዮሀና።

ልጅቷ ሌላ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ከድንኳኑ ውስጥ እትዬ ወለተሥላሴ «ሔርሜላ! ሔርሜላ የት ሄደሽ? ነይ እንጂ፣ እየጠበቁሽ ነው!» ብላ ተጣራች። ሔርሜላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ የወርቅአፈራሁን ጉልበት ልትስም ገባች።